የባሌስትራ ቢላዋ ወይስ የሚያብለጨልጨው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከወሎ ስለ ቢላዋ የደረሱንን አራት ጥያቄዎች እንመልሳለን። ጥያቄዎቹ ስለ ሰንጢ ሳይሆን ስለማይታጠፈው ቢላዋ ናቸው።

ጥያቄ፦ ብረት ቀጥቃጭ ከባሌስትራ፣ ማለትም የመኪና ክብደት ከሚሸከመው ወፍራም የብረት ስፕሪንግ፣ የሠራው ቢላዋና ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የሚያብለጨልጭ ቢላዋ ዋጋቸው እምብዛም አይራራቅም። የቱን ልግዛ? ሻጩ ፊት ቆሜስ ጥሩውን በምን ልለየው?
(የቤት እመቤት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱም ወገን ጥሩም መጥፎም አለ። ብልጭታው ግን ስለ ስለቱ ምንም አይናገርም። «ኢኖክስ» የሚለው ጽሑፍም ቢሆን ብረቱ ቶሎ እንደማይዝግ እንጂ ስለት እንደሚይዝ አያረጋግጥም።

ከቀጥቃጩ ሲገዙ መጀመሪያ «ከምን ሠራኸው?» ብለው ይጠይቁ። የመኪና ባሌስትራ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን አለው፤ ይህ መጠን ብረቱ ግሎ ሲነከር እንዲጠነክር ይበቃል። የግንባታ ፌሮ ግን ካርቦኑ በአብዛኛው ከ0.3 በታች ስለሆነ ቀጥቃጩ የቱንም ያህል ቢደክምበት ስለቱ አይበረክትም። ቀጥሎ «በምን ነከርከው?» ይበሉ። ባለሙያው ብረቱን ማግኔት እስከማይስበው ድረስ፣ ማለትም ከ770 ዲግሪ ትንሽ አልፎ፣ አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚህ አያበቃም፤ የጠነከረውን ብረት እንደገና 200 ዲግሪ ገደማ ድረስ ቀስ ብሎ ያሞቀዋል። ያን ጊዜ ተሞርዶ የጸዳው ገጽ የገለባ ቀለም ያወጣል። ይህ ሁለተኛው ማሞቅ ከተዘለለ ቢላዋው ሲገዙት ስል ይሆንና አጥንት በነካ ቁጥር እንደ ብርጭቆ ይሸራረፋል። ባሌስትራን ውኃ ውስጥ መንከርም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ቃሉን ሰምተው ብቻ አይመኑ፤ ሻጩን አስፈቅደው ይፈትኑት። ክብ የነሐስ ዘንግ ወይም ወፈር ያለ የነሐስ ቁልፍ ይያዙ። ስለቱን በጣም አጋድመው ነሐሱ ላይ ያሳርፉና ወደ ብርሃን አዙረው በቀስታ ይጫኑ። የስለቱ ጠርዝ ትንሽ ጎበጥ ሲል ይታያል። ሲለቁት ወደ ቦታው ከተመለሰ ብረቱ በልኩ ተነክሯል። እንደጎበጠ ከቀረ ለስላሳ ነው፤ ከተሸረፈ ደግሞ ደርቋል፣ ሁለተኛው ማሞቅ ቀርቶበታል። ለሱቁ ቢላዋም ፈተናው ይኸው ነው። ከዚያ ጀርባውን በአንድ ዓይን እያዩ ቀጥ ማለቱን፣ እጀታውን እየነቀነቁ አለመላወሱን ይመልከቱ።

አብዛኛው ገዢ የሚዘነጋው ግን ውፍረቱን ነው። ባሌስትራ ራሱ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቢላዋው ጀርባው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ ሆዱም (ከጀርባው እስከ ጠርዙ ያለው ጎኑ) ሳይሳሳ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ተስሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለው ቢላዋ የክንድ ጸጉር ይላጫል፤ ድንች ሲቆርጡበት ግን ግማሽ መንገድ ሄዶ «ቀጭ» አድርጎ ይሰነጥቀዋል። ይህ የስለት ሳይሆን የውፍረት ችግር ነውና ደጋግሞ መሳል አይፈታውም። ለወጥ ቤት ጀርባው 2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ያለው ብረት ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ይሁን። ቀጥቃጩን «ሆዱን አሳሳልኝ» ቢሉት ይገባዋል፤ የሚያሳሳው ግን ውኃ እያስነካ ይሁን።

ፍርዳችን ይህ ነው፦ ለሽንኩርትና ለጎመን፣ ፈተናውን ያለፈ ቀጭን የሱቅ ቢላዋ ይሻላል። ለሥጋና ለጓሮ ሥራ ባሌስትራው። አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ሆዱ የሳሳውን ባሌስትራ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ሥጋ ቤት ነው የምሠራው። ቢላዋዎቻችንን በግራይንደር ካሳልን ወዲህ ጠዋት ስል የነበረው ከሰዓት ዶማ ይሆናል። ብረቱ ምን ነካው?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድማችን፣ ቢላዋው አልሞተም። ጠርዙ ቀጭን ስለሆነ ግራይንደር ላይ በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ቢላዋው ሲሠራ ከሞቀበት 200 ዲግሪ ስላለፈ ጠርዙ ላይ የነበረው ጥንካሬ ተፈቷል። የለሰለሰው ግን ብዙውን ጊዜ ጠርዙ ብቻ ነው። ከሱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር በውኃና በሻካራ መሳያ ድንጋይ ከተወገደ ከበስተኋላው ጤነኛው ብረት ይወጣል። ግራይንደር የግድ ከሆነ ጓንት ሳያደርጉ ይዘው፣ ብረቱ ጣት ማቃጠል ሳይጀምር በፊት በእያንዳንዱ ዙር ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ከዚያ በኋላ በድንጋይ ብቻ ይሳሉ። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢላዋ፣ ጀርባው ከድንጋዩ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል 15 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ለብልት ማውጫና ለቋንጣ መዘልዘያ ነው። አጥንት ለሚነካው 1.7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፣ 25 ዲግሪ ይመጣል። አንዱን ጎን ሲስሉ በሌላው ጎን ጣት የሚይዝ ቀጭን ጠርዝ እስኪወጣ ድረስ አይገልብጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ጣት የሚይዘው ቀጭን ጠርዝ ሳይወጣ ያገላብጠዋል፣ ስለቱ ጫፍ ለጫፍ ሳይገናኝ ይቀራል። ማሳረጊያው ላይ የስኒ ቂጥ፣ ያልተለበጠው ሻካራ ቀለበት፣ ጥሩ ነው፦ እያፈራረቁ በየጎኑ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ሳይጫኑ። ሥጋውን ትሪ ወይም ሴራሚክ ላይ የሚቆርጡ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ልፋት በአንድ ቀን ይጠፋል። እንጨት ላይ ይክተፉ።

ጥያቄ፦ ከባቲ የሰኞ ገበያ የገዛሁት የአፋር ጊሌ ለቤት ሥራ ይሆናል?
(ከባቲ)

መልስ፦ አይሆንም። ጊሌ ቆልመም ያለ፣ በሁለቱም ጎን ስለት ያለው ነው። ሲከትፉ ጣትዎን የሚያሳርፉበት ጀርባ የለውም፤ ቆልማማው ስለትም መክተፊያው ላይ በሙሉ አያርፍም። በክብሩ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ለበግ ማረጃም፣ ለገመድም፣ እንጨት ለመላግም የሚሆን አንድ ቢላዋ አለ? እጀታውስ ቀንድ ይሁን እንጨት?
(ገበሬ፣ ከተሁለደሬ)

መልስ፦ ለገመድና ለእንጨት፣ ስለቱ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ጀርባው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላዋ ይበቃል። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው መዝለቁን ይዩ፤ እንደ ምስማር ሹል ሆኖ እስከ መሀል ብቻ የገባ እንጨት ሲላግበት አንገቱ ላይ ይሰበራል። ለማረጃ ግን ሌላ እንዲይዙ እንመክራለን። ስለቱ ከበጉ አንገት ስፋት እጥፍ ያህል ይርዘም፤ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ለዓረፋም ሆነ ለፋሲካ፣ ሽርፍራፊ ያለበት ስለት እንስሳውን ያሠቃያል። ጥጥ በስለቱ ላይ ከእጀታ ወደ ጫፍ ቀስ አድርገው ይሳቡ፤ ክሩ የተያዘበት ቦታ ሽርፍ አለበት። ሲስሉትም በጉ በማያይበት ስፍራ ይሁን።

ከእጀታ የደረቀ ወይራ ይሻላል። ቀንድ ያምራል፣ ነገር ግን ደምና ስብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ በበጋ ሲደርቅም ተኮማትሮ ከብረቱ ይላቀቃል። የወይራው እንጨት ግን እርጥብ ሳለ ከተሠራ በኋላ ይሰነጠቃልና ደርቆ የቆየ መሆኑን ያረጋግጡ። ባሌስትራ ይዝጋል፦ ታጥቦ ወዲያው ይደረቅ፣ የምግብ ዘይት ስስ አድርገው ይቀቡት። የቆዳ አፎት እርጥበት ስለሚይዝ ቢላዋውን በአፎቱ ይዘው ይሂዱ እንጂ ቤት ሲገቡ አውጥተው ይስቀሉት።