እናቴን ይዤ ፍጥሞ ደሴት ልሄድ ነው፣ ምን ላስብበት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የምጽፍላችሁ ከባህር ዳር ነው። ወንድሜ አቴንስ ነው የሚኖረው፣ እናቴ ደግሞ ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየባትን ፍጥሞን ሳላይ አልሞትም ስትል ስንት ዘመኗ፣ አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ቪዛው ወጣልን። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለ10 ቀን ነው የምንሄደው፣ ወንድሜ ጋ ሰንብተን መጨረሻ ላይ ደሴቷን ለ1 ቀን አይተን በማግስቱ ለመብረር አስበናል። እናቴ በጀልባ የሄደችው ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ብቻ ነው፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናታችንን እንኳን ለዚህ አበቃቸው! ግን በናትሽ ፕሮግራሙን ገልብጪው፣ ደሴቷ ትቅደም አቴንስ ትከተል። ፍጥሞ ኤርፖርት የላትም፣ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ በመርከብ 8 ሰዓት አካባቢ ነው የሚፈጀው፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ግሪኮቹ ሜልቴሚ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ይነሳል፣ ሰማዩ ኩልል ብሎ ፀሐይ እያለ ባህሩ ይናወጣል፣ ሲብስ መርከብ እንዳይነሳ ይታገዳል። ጣናም ከሰዓት በኋላ ስለሚያስቸግር አይደል ጀልባ ነጂዎቻችን በጠዋት እንውጣ የሚሉት፣ እዛ ግን ሙሉ ቀን ሊያስቆይ ይችላል፣ በማግስቱ በረራ ካለሽ አለቀ። ስለዚህ ከመርከቡ መመለሻ እስከ አውሮፕላኑ ቢያንስ 2 ቀን ተዪ።

ትኬቱን ስታነቢ ሰዓቱን አደራ። 15:00 የሚለው በኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ 00:30 ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል፣ ቀኑም ተቀይሯል ማለት ነው። በነሐሴ ሰዓታቸው ከኛ እኩል ስለሆነ እሱ አያሳስብሽ። መርከቡ ብዙ ጊዜ ማታ መሽቶ ነው ስካላ የሚባለው ወደብ የሚደርሰው፣ ማረፊያ ቤቱ ሰው እንዲልክላችሁ ቀድመሽ ንገሪያቸው። አልጋም ትኬትም አሁኑኑ ያዢ፣ ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል ኦገስት 15 ማለትም ነሐሴ 9 ስለሚያከብሩ ያን ሰሞን ሀገሩ ሁሉ ደሴት ላይ ነው።

እናታችን መሀል አካባቢ ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ ይቀመጡ፣ መናወጡ እዛ ይቀንሳል። ባዶ ሆድ ባህር ላይ ከባድ ስለሆነ የዛን ቀን ጾሙን እንዴት እንደሚያደርጉት ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይማከሩ።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ግሪኮች የጾም ምግብን ኒስቲሲሞ ይሉታል፣ ግን ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ለነሱ ጾም ነው! ዝም ብለሽ ኒስቲሲሞ ብለሽ ካዘዝሽ እሱ ሊመጣ ይችላል። ፋቫ በዪ፣ የክክ ገንፎ በይው፣ በወይራ ዘይት የተለወሰ። ጂጋንቴስ በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ባቄላ መሳይ ነው፣ ሆርታ ደግሞ የተቀቀለ ቅጠል ሎሚና ዘይት የፈሰሰበት፣ እናታችን ጎመን ነው ብለው ይበሉታል። ሰላጣ ስታዢ አይብ ስለሚያደርጉበት «ሆሪስ ፌታ» ማለትን አትርሺ። በሶ ብትይዙ ጥሩ ነው፣ ቂቤና ቋንጣ ግን አይሆንም፣ የአውሮፓ ህብረት ሀገሮች በመንገደኛ ሻንጣ የስጋና የወተት ውጤት አያስገቡም።

ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻ ከስካላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሆራ በሚወስደው መንገድ መሀል ነው፣ አውቶብስ አለ። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ወደ ውስጥ ደረጃ ስላለ እናታችንን ደግፊያቸው። አለቱ ላይ ዝቅ ብሎ ዙሪያው በብር የተከበበ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ታያላችሁ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ራሱን ያሳረፈበት ነው ይባላል፣ እዛ ጋ እናታችንን አታቻኩያቸው። ጫማ አይወለቅም፣ እሳቸው ሊከብዳቸው ይችላልና ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ነጠላቸው ግን እንደ ቤታቸው ነው። ቁርባን ላይ ግን የኛና የግሪኮቹ ቤተ ክርስቲያን በቁርባን አንድ ስላልሆኑ አይቀርቡም፣ ቆሞ መጸለይና ጧፍ ማብራት ይቻላል። ከዛ ሆራ ላይ በፈረንጆቹ በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አለ፣ ግንቡ ከሩቅ ምሽግ ነው የሚመስለው፣ ለሱ ሌላ ጠዋት ያዙለት፣ በአንድ ቀን ሁለቱን አታድርጉት ለእናታችን ጉልበት ይከብዳል።