መልስ፦ ሰርዶው 2,4-ዲ ተረጭቶም ለምን አልሞተም?

«ሁለት ጊዜ ረጨሁት፣ የግቢዬ ሰርዶ ግን ንቅንቅ አላለም» ያልከው መድኃኒቱ ተበላሽቶ አይደለም። 2,4-ዲ የሚገድለው ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ነው። ሰርዶ ሳር ስለሆነ አይሞትም፤ እንዲያውም ተፎካካሪዎቹን አጥፍተህለታል።

ያለ መድኃኒት ከሆነ፣ የጅማ ዝናብ ፋታ የሚሰጥበትን ታኅሣሥና ጥርን ጠብቅ።

1. በዶማ አትክተፈው፤ አንጓ ያለው ቁራጭ ሁሉ ሌላ ሰርዶ ይሆናል። አፈሩን በባለ ጥርስ ዶማ ፈንቅለህ ነጩን ረጅም ሥር በእጅህ ምዘዝ። ወገብ ይቆርጣል፣ ግን አቋራጭ የለውም።

2. የለቀምከውን ቆርቆሮ ላይ አስጥተህ እጅህ ውስጥ እስኪሰባበር አድርቀው። ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምረው።

3. ቦታውን በካርቶን ሸፍነህ የቡና ገለባ በላዩ አልብሰው። ጅማ ተቀምጦ ገለባ ጠፋ የለም! ብቅ የሚለውን በየሳምንቱ ንቀል።

በመድኃኒት ከሆነ ግላይፎሴት ነው፣ ራውንድአፕ የሚሉት። ሰርዶው ለምልሞ ሳለ ጠዋት ርጨው፤ ዝናብ ሳይመታው 6 ሰዓት ያህል ይቆይ። ውሃው ንጹሕ ይሁን፤ በደፈረሰ ውሃ ከበጠበጥከው ጭቃው መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ስለሚገድል፣ ቡናህንም ጭምር፣ ነፋስ ካለ ተወው።

አንድ ነገር፦ 2,4-ዲ የያዘውን መርጫ ለሌላ ተክል አትጠቀምበት። እኔ በውሃ ብቻ አለቅልቄ ለቲማቲሜ የፈንገስ መድኃኒት ረጨሁበት። በጥቂት ቀን ቅጠሉ ሁሉ ተጠማዞ ተጠቀለለ፤ የዚያን ዓመት ቲማቲም ከገበያ ገዛሁ።