ቢች ሰፈር ለምትገቡ ልጆች

አዘዞ ተወልጄ አሜሪካ ሳንዲያጎ፣ ኦሽን ቢች የሚባል የባህር ዳርቻ ሰፈር ከከተምኩ ብዙ አመት ሆነኝ። ባህር ዳር ነው የምኖረው ስላቸው እዚህ ጎንደር ያሉት ዘመዶቼ "ታዲያ በሚኒባስ አትመጣም እንዴ" እያሉ ይስቁብኛል። ዘንድሮ ለጥምቀት መጥቼ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ዲቪ የደረሳቸው ሁለት ጎረምሶች "ጋሼ እኛም ቢች ነው የምንገባው፣ ዋና እንደሆነ እንችላለን" ሲሉኝ ደነገጥኩና ነው ይችን የምጽፈው።

የት ነው የቻላችሁት? ፋሲል መዋኛ ነዋ፣ ውሃው ሲባረክ ዘላችሁ። እሱ ግን ግንብ ያለው የቆመ ውሃ ነው። ውቅያኖስ ይጎትታል ጃል! ሪፕ ከረንት የሚሉት ወደ ውስጥ የሚነዳ ጅረት አለ፣ ከያዛችሁ ቀጥታ ወደ አሸዋው ልመለስ ብላችሁ አትታገሉት ጉልበት ያስጨርሳችኋል፣ ዳርቻውን ይዛችሁ ወደ ጎን ዋኙ ከሱ ስትወጡ ነው የምትመለሱት። ላይፍጋርድ፣ ዋናተኛ የሚጠብቀው ማለት ነው፣ የሌለበት ደግሞ ጭራሽ አትግቡ።

ስትገቡም እግር እያነሱ መርገጥ የለም፣ አሸዋውን እየጠረጋችሁ ነው መሄድ። ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ አሳ አሸዋ ለብሶ ይተኛል፣ ስትመጡ ከሰማ ይሸሻል ከረገጣችሁት ግን ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ አለው። እኔን አግኝቶኛል። ላይፍጋርዱ የምችለውን ያህል የሞቀ ውሃ በባልዲ አምጥቶ እግሬን ከተተልኝ፣ ከአንድ ሰአት በላይ ተቀመጥኩ፣ አጠገቤ አንዲት ትንሽ ፈረንጅ እንደኔው ባልዲ ውስጥ ሆና አይስክሬም ትልሳለች። የጸሎተ ሐሙስ እግር እጥበት ነው የመሰለኝ።

አለባበስ ብትሉ ማንም ዞሮ አያያችሁም፣ ሰው በቁምጣና በነጠላ ጫማ ባንክ ይገባል። እናቴ በቪዲዮ በባዶ እግሬ ስታየኝ "ጫማ መግዣ አጣህ ልጄ?" ብላ አልቅሳለች፣ እስካሁንም ያመነችኝ አይመስለኝም። ግን ሰው ዘና ስላለ ህግ የለም ማለት አይደለም፣ ቢች ላይ ቢራ በፈረንጅ ከ2008 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ሲጋራማ ከዛም በፊት ተከልክሏል። ደግሞ ሰፈሩ የአውሮፕላን መነሻ ስር ስለሆነ ስልክ ስታወሩ ጆሮ የሚነሳ ጩኸት አለ፣ ይለመዳል።

እንጀራ ሲቲ ሃይትስ የሚባል ሌላ ሰፈር ሄዳችሁ ነው። ረቡዕ ከሰአት ኒውፖርት ጎዳና ላይ የገበሬ ገበያ አለ፣ ቲማቲሙ ጥሩ ነው ዋጋውን ግን ወደ ብር እንዳትመነዝሩት።

ጸሀይ ነው ብላችሁ ደግሞ ቲሸርት ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ግንቦትና ሰኔ ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን አይገፈፍም ማታም ይበርዳል። ጋቢ ያዙ። እኔ አሸዋው ላይ እሳት ዳር ጋቢዬን ተከናንቤ ስቀመጥ ፈረንጁ ሁላ እየመጣ የት ገዛኸው ይለኛል።