ሁለተኛው ዲስክ ብቻውን አልነሳም ሲል

ጥያቄው ፒያሳ ካለ የሒሳብ ቢሮ የመጣ ነው። ሰርቨሩ ፍሪቢኤስዲ (ዩኒክስ መሰል ስርዓተ ክወና) ነው፤ ሁለት ዲስኮች በዜድኤፍኤስ (የፋይል ሲስተም) ሚረር፣ ማለትም አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ፣ ተጣምረዋል። ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቶ በአዲስ ተተክቷል፤ የፑሉን (የተጣመሩትን ዲስኮች) ሁኔታ የሚያሳየው «ዜድፑል ስታተስ» ሁለቱም ኦንላይን ናቸው ይላል። ያልተበላሸው አሮጌው ዲስክ ሲነቀል ግን ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ላይ ጠቋሚውን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይቀራል። ዲስኩን የተካው ሰው የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሰንጠረዡን ወደ አዲሱ ገልብጦ ቡት ኮዱን (ማሽኑን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) «-አይ 1»፣ ማለትም ፓርቲሽን ቁጥር 1 ላይ፣ ብሎ ጽፎ ሄዷል።

ጥፋቱ ያ «1» ይመስለኛል። የአዲሱን ዲስክ (እዚህ ኤዲኤ1) ሰንጠረዥ፣ ፓርቲሽን በሚያስተዳድረው ጂፓርት ይዩት (ትዕዛዞቹን እንደ አጠራራቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ሲተይቡ በላቲን ፊደል ይሁን)፦

ጂፓርት ሾው ኤዲኤ1

ሲስተሙ ሲጫን ባዮስና ዩኢኤፍአይ (የድሮውና የአዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ሁለቱም ተመርጠው ከነበረ፣ ቁጥር 1 የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ነው፣ 260 ሜጋባይት። ቡት ኮዱ የሚጻፍበት፣ ፍሪቢኤስዲ-ቡት የሚባለው 512 ኪሎባይቱ ቁጥር 2 ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ መመሪያዎች ግማሾቹ የተጻፉት ለሌላ አከፋፈል ስለሆነ «1» ይላሉ፤ ሰውም ሳያይ ይገለብጣል። ጂፓርት ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የተሰጠው ቁጥር ላይ ያለውን ደምስሶ ይጽፋል። ስለዚህ ቁጥሩን በዓይንዎ ሳያዩ «-አይ» አይጻፉ።

ዜድኤፍኤስ ሁሉን ካመሳሰለ ቡት ኮዱ ለምን ቀረ? ሚረሩ የሚያመሳስለው በራሱ ፓርቲሽን ውስጥ ያለውን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለውን አይነካም። ባዮስ ከዲስኩ የሚያነበው የመጀመሪያውን ሴክተር፣ 512 ባይት ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ለኮድ የሚተርፈው 440 ባይት ነው። በ440 ባይት ዜድኤፍኤስን ማንበብ የሚችል ፕሮግራም አይጻፍም። ኮዱ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፦ ሰንጠረዡ ውስጥ ዓይነቱ ፍሪቢኤስዲ-ቡት የሆነውን ፓርቲሽን ፈልጎ፣ እንዳለ ወደ ሜሞሪ ጭኖ፣ ሥራውን ለእሱ ማስረከብ። ፓርቲሽኑ ከ545 ኪሎባይት ማነስ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ከበለጠ አይጫንም። ሰንጠረዥ መገልበጥ ደግሞ ክፍሎቹን እንጂ በውስጣቸው ያለውን አያመጣም። ፓርቲሽኑ ጭራሽ ባይኖር ኖሮ «ሚሲንግ ቡት ሎደር» የሚል ጽሑፍ ያዩ ነበር። የእርስዎ ማሽን ምንም ሳይል መቆሙ ፓርቲሽኑን አግኝቶ ባዶውን እንደጫነ ይጠቁመኛል።

አሁን አሮጌውን ዲስክ መልሰው ይሰኩና በእሱ ያስነሱ። የዲስክ ስም ሲነቀልና ሲሰካ ይቀያየራል፤ ትናንት ኤዲኤ1 የነበረው ዛሬ ኤዲኤ0 ሊሆን ይችላል። «ዲስክኢንፎ -ቪ» ሴሪያል ቁጥሩን ያወጣል፤ ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጋር ያመሳክሩ። ሰንጠረዡን አንድ ጊዜ ደግመው ያንብቡና፣ ቁጥሩ 2 ከሆነ (የአዲሱ ዲስክ ስም ተቀይሮ ከሆነ፣ እዚህም ከታችም በኤዲኤ1 ፋንታ ያንን ይጻፉ)፦

ጂፓርት ቡትኮድ -ቢ /ቡት/ፒኤምቢአር -ፒ /ቡት/ጂፒቲዜድኤፍኤስቡት -አይ 2 ኤዲኤ1

ጂፒቲቡት የሚባለውን ፋይል እንዳይጠቀሙ፤ እሱ ዩኤፍኤስ ለሚባለው ሌላ የፋይል ሲስተም ነው።

የተደመሰሰው ኢኤፍአይ በባዮስ ለሚነሳ ማሽን አያስፈልግም። ግን እናት ቦርዱ ነገ ሊቀየር ስለሚችል ቢጠግኑት ይሻላል፦ «ኒውኤፍኤስ_ኤምኤስዶስ -ኤፍ 32 -ሲ 1» በኤዲኤ1ፒ1 ላይ ያስኪዱ፣ ማውንት ያድርጉ፣ /ቡት/ሎደር.ኢኤፍአይን ኢኤፍአይ/ቡት በሚል ፎልደር ውስጥ ቡትኤክስ64.ኢኤፍአይ ብለው ይቅዱት። ይህም ፓርቲሽኑን የሚደመስስ ትዕዛዝ ስለሆነ ቁጥሩን እዚህም ይዩ።

ለመሞከር የፑሉን ዳታ በሙሉ አንብቦ የሚፈትሸውን «ዜድፑል ስክራብ» አስኪደው ያለ ስህተት ይጨርስ፤ ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው አሮጌውን ይንቀሉ። መቆለፊያ የሌለው ርካሽ የሳታ ገመድ ካለ ያኔውኑ ይቀይሩት፤ ትንሽ ሲነካ ይላቀቅና ዲስኩ የሞተ ያስመስላል። «አዲስ» ተብሎ የተሸጠልዎትንም ዲስክ፣ ዲስኩ ስለራሱ የመዘገበውን በሚያወጣው «ስማርትሲቲኤል -ኤ» ይጠይቁት። የሠራበት ሰዓት በሺዎች ከተቆጠረ ያገለገለ ነው፤ ወደ ሻጩ ይመልሱት።

ወደፊት ለፑሉ አዳዲስ ባሕርያትን የሚከፍተውን «ዜድፑል አፕግሬድ» ካደረጉ፣ ማሽኑን ዳግም ከማስነሳትዎ በፊት ቡት ኮዱን በሁለቱም ዲስኮች ላይ ያድሱ። አሮጌው ኮድ የፑሉን አዲስ ባሕርይ ላያውቅ ስለሚችል ሁለቱም ላይነሱ ይችላሉ። ያኔም ቁጥሩን በየዲስኩ ለየብቻ ይዩ፤ ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት አከፋፈል አላቸው ብለው አይገምቱ።