የአንባቢያን ጥያቄ፦ የሬቫቲ ካማት የአፈር ቤት ጣና ዳር ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሕንዳዊቷ አርክቴክት ሬቫቲ ካማት (እ.ኤ.አ. 1955–2020) ዴልሂ አጠገብ አናንግፑር ላይ የራሷን ቤት ሳይቀር በአፈር መሥራቷን አነበብኩ። ባሕር ዳር ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፤ በዋልካ ግን አይሞክሩት። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ይፈልጉ። የጠርሙሱን ሲሶ አፈር፣ ቀሪውን ውኃ ሞልተው በደንብ ይነቅንቁና አንድ ቀን ያስቀምጡት፦ አሸዋው ከታች፣ ሸክላማው ከላይ ይረጋል። ሸክላማው ከበዛ አሸዋ ይጨምሩ።

አፈሩ ተጠቅጥቆ ለሚሠራ ብሎኬት ከ5 እስከ 8 በመቶ ሲሚንቶ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለምን በአፈር ይለፋሉ? ብሎኬቱን ጥላ ሥር ውኃ ያጠጡት፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል።

ቦታው ራሱ ዋልካ ከሆነ መሠረቱን ጠንካራው መሬት ድረስ ያስቆፍሩ። የድንጋይ ግንቡ ከመሬት 45 ሳ.ሜ.፣ የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው 60 ሳ.ሜ. ይውጣ። ውጩን በሲሚንቶ አያስለስኑ፤ የታፈነው እርጥበት ልስኑን ገንጥሎ ይጥለዋል።