ከኮምቦልቻ እስከ ዋሽንግተን፦ የቲኬቱ ሰዓት እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ እናቴ በሐምሌ ከኮምቦልቻ ተነስተው፣ በአዲስ አበባ በኩል ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ዘንድ ይሄዳሉ። ቲኬቱ ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:30 ይደርሳል ይላል፤ መመለሻው 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00። ሲሄዱ 10 ሰዓት፣ ሲመለሱ 20 ሰዓት እንዴት ይሆናል? ርቀቱንም አንዱ 7,180፣ ሌላው 11,560 ይለዋል። (ከደሴ)

መልስ፦ ርቀቱ ሁለቱም ልክ ነው፤ የመጀመሪያው በማይል፣ ሁለተኛው በኪሎ ሜትር ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ያለው አጭሩ የአየር መስመር ማለት ነው። በተግባር አውሮፕላኑ ነፋሱንና የተፈቀደለትን የበረራ መስመር እየተከተለ ስለሚታጠፍ ከዚህ ትንሽ ይበልጣል። ከኮምቦልቻ ቦሌ ደግሞ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ በረራ ነው።

ሰዓቱ ላይ ግን ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው የራሱ ሰዓት ስለሆነ ሁለቱን ዝም ብሎ መቀናነስ አይቻልም። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ከጥቅምት መገባደጃ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ግን በ8። ስለዚህ እናትዎ በዋሽንግተን 08:30 ሲደርሱ ቦሌ ላይ 15:30 ነው፤ ከ22:30 እስከዚያ 17 ሰዓት ይሆናል። ሲመለሱ ደለስ 11:00 ሲል ቦሌ 18:00 ነው፤ እስከ 07:00 ሲቆጠር 13 ሰዓት። ረጅሙ መሄጃው ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ ከፍታ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ወደኋላ ይገፋቸዋል፣ ሲመለሱ ያግዛቸዋል። ሁለተኛውና ዋናው ቦሌ ራሱ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩ ጉልበትም የክንፉ የማንሳት ኃይልም ይቀንሳል። አውሮፕላኑ መንገደኛውንና ለሙሉ ጉዞው የሚበቃ ነዳጅ ባንድ ላይ ይዞ መነሳት ስለሚቸግረው መሃል ላይ አርፎ ይሞላል። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ መመለሻው ቀጥታ ይሆናል። ነዳጅ ሲሞላ እናትዎ የደረሱ መስሏቸው እንዳይወርዱ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ብዙውን ጊዜ መንገደኛው ከመቀመጫው አይነሳም።

ወደ እኛ ሰዓት ሲለውጡ ከ18:00 በላይ ከሆነ 18 ይቀንሱ፤ 22:30 ከምሽቱ 4፡30 ነው። ከ06:00 እስከ 18:00 ላለው 6 ይቀንሱ። ከሁሉ የከፋው ስሕተት የእኩለ ሌሊቱ ነው። ቲኬቱ «ሐሙስ 00:30» ካለ ወደ ኤርፖርት የሚሄዱት ረቡዕ ማታ ነው፤ ፈረንጆቹ ቀኑን የሚለውጡት በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነውና። ሐሙስ ማታ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ አምልጦታል።

የኮምቦልቻው በረራ ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ቲኬት ይቆረጥ። ያኔ ሻንጣው እስከ ደለስ ይላካል፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም ቀጣዩን የማስተካከሉ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ሻንጣውን ቦሌ ላይ ተቀብለው ራሳቸው ድጋሚ ማስመዝገብ አለባቸው፤ ቢያመልጣቸውም ኪሳራው የራሳቸው ነው። ሐምሌ ክረምት ነውና ደመናና ጭጋግ የኮምቦልቻን በረራ ሊያዘገየው ይችላል፤ ስለዚህ የጠዋቱን ይምረጡላቸው፤ የጠዋት ከሌለ በዋዜማው ይግቡ። መድኃኒታቸውን በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ዊልቸር ካስፈለጋቸው ቲኬቱ ሲቆረጥ ይጠየቅ።