በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ይከልከል ወይስ ክፍል ይለይለት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ምግብና መጠጥ በሚቀርብበት ቤት በአስተናጋጅነት እሠራለሁ። አሠሪዬ ከአዳራሹ አንዱን ጥግ በመስተዋት ከልለው፣ በጣሪያው ላይም አየር መሳቢያ አስገጥመው ለአጫሾች ሰጥተዋል። እኔ ሲጋራ አጭሼ አላውቅም፤ ነገር ግን ትእዛዝ ለመቀበል፣ ሳህን ለማንሣትና መተርኮሻ ለመድፋት በቀን ደጋግሜ ወደዚያ ክፍል እገባለሁ። ማታ ከሥራ ስወጣ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ነገሩን ባነሣ አሠሪዬ «ክፍሉ ተለይቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?» ይሉኛል። ይህ ዝግጅት በቂ ነውን? ወይስ በእንዲህ ዓይነት ቦታ ማጨስ ፈጽሞ ሊከለከል ይገባል?

መልስ፦ ዝግጅቱ በቂ አይደለም። በቤት ውስጥ ባሉ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታዎች ሁሉ ማጨስ ያለ ልዩነት ሊከለከል ይገባል የሚል አቋም አለን። አሠሪዎ ክፍሉን የለዩት በቅን ልቡና አስበውና ገንዘብ አውጥተው እንደሚሆን እንገምታለን፤ ሆኖም የሲጋራ ጭስ ጠባይ ለዚህ ዓይነቱ መፍትሔ አይመችም።

በአንድ ክፍል ውስጥ ከሚጠራቀመው ጭስ አብዛኛው፣ ሲጋራው በአጫሹ ጣቶች መካከል ወይም በመተርኮሻው ጠርዝ ላይ ሆኖ ከጫፉ በራሱ ጊዜ የሚወጣው ነው። አጫሹ በሚስብበት ቅጽበት ፍሙ ይግላል፤ መሳቡን ሲያቆም ግን ሙቀቱ ይቀንስና ትምባሆው በሚገባ ሳይነድ ይጨሳል፤ በዚህም ምክንያት በማጣሪያው ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ክፍሉ የሚገባው ጭስ በርካታ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን አጫሹ ወደ ሳንባው ከሚያስገባው በበለጠ መጠን ይይዛል። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች የሚገኙ ሲሆን፣ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው ታውቋል። ጭሱን የተሸከሙት ቅንጣቶች አብዛኞቹ ከአንድ ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ያነሱ በመሆናቸው እንደ አቧራ ቶሎ ወለል ላይ አያርፉም፤ አጫሹ ሒሳቡን ከፍሎ ከሄደ በኋላም አየሩ ላይ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። እርስዎ በሁለት እጅዎ ሳህን ይዘው የመስተዋቱን በር በክርንዎ ገፋ አድርገው በወጡ ቁጥር ጭሱም ተከትሎዎት ወደ ዋናው አዳራሽ ይወጣል፤ ቤተሰቡን ይዞ እዚያ የተቀመጠው እንግዳ ሳያውቀው ይተነፍሰዋል።

ስለ አየር መሳቢያው የባለሙያዎቹን ቃል መስማት ይሻላል። የሕንፃ አየር ማሞቅ፣ ማቀዝቀዝና ማዘዋወር ሙያው የሆነው አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የአቋም መግለጫ፣ በቤት ውስጥ ከሚጨስ ትምባሆ የሚመጣውን የጤና አደጋ በውጤታማነት ለማስወገድ የሚያስችለው ብቸኛው መንገድ ማጨስን መከልከል መሆኑን አስታውቋል። እነዚህን መሣሪያዎች የሚነድፉ ሰዎች መሣሪያዎቹ ይህን ሥራ እንደማይሠሩ ሲመሰክሩ ከዚያ በላይ መከራከር አስቸጋሪ ነው። መሳቢያው ሽታውን ይቀንሳል፤ ይህም መልካም የሚመስለውን ያህል ያዘናጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 8 ስምምነቱን ያጸደቁ አገሮች ሰዎችን ከጭሱ እንዲጠብቁ ያስገድዳል፤ ከ2 ዓመት በኋላ የጸደቀው የማስፈጸሚያ መመሪያም አየር ማዘዋወሪያና የተለየ የማጨሻ ክፍል በቂ መከላከያ እንዳልሆኑ በግልጽ ያስቀምጣል።

ጉዳቱ የዓይን መቃጠል ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አጥብቀን ባልጻፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓናዊው ተመራማሪ ታኬሺ ሂራያማ፣ ራሳቸው የማያጨሱ ከ91,000 በላይ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመታት ተከታትለው ያገኙትን ውጤት አሳተሙ፤ ባሎቻቸው በብዛት የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ባሎቻቸው ከማያጨሱት ሴቶች ከፍ ያለ ነበር። የትምባሆ ኩባንያዎች ጥናቱን አጥብቀው ተቃወሙት፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ግን አጸኑት። የአሜሪካ የጤና ጉዳዮች ዋና ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ዘገባ መሠረት፣ በቤቱ ወይም በሥራ ቦታው የሌሎችን ጭስ የሚተነፍስ የማያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ አደጋው ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ በሳንባ ካንሰር የመያዝ አደጋው ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል፤ ያለ ስጋት ሊተነፈስ የሚችል የጭስ መጠንም የለም። ለአጭር ጊዜ የተተነፈሰ ጭስ እንኳ ደም በቀላሉ እንዲረጋ ስለሚያደርግና የደም ሥሮችን ጤናማ አሠራር ስለሚያውክ፣ ቀድሞውኑ የልብ ሕመም ላለበት ሰው አንዲት ምሽት ቀላል ነገር አይደለችም። የሌሎችን ጭስ በመተንፈስ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው።

የእርስዎን ሁኔታ የሚመስል አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የካሊፎርኒያ ግዛት በመጠጥ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ሲከለክል፣ ተመራማሪዎች በሳን ፍራንሲስኮ የሚሠሩ 53 የመጠጥ ቤት ሠራተኞችን ከክልከላው በፊትና በኋላ መረመሩ። ከክልከላው በፊት 39ኙ እንደ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያለ ምልክት ነበረባቸው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእነዚሁ ውስጥ 23ቱ ምልክቱ ጠፍቶላቸው ተገኙ። ዓይናቸውን፣ አፍንጫቸውንና ጉሮሯቸውን ያስቸግራቸው ከነበሩት መካከልም አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል። ይህን ለአሠሪዎ ያሳዩዋቸው። የጉሮሮዎ መከርከር ካልተሻለዎ ወይም ሳል ከተጨመረበት ሐኪም ዘንድ ቀርበው የሥራ ቦታዎን ሁኔታ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ እኔ አጫሽ ነኝ። ጉዳቱን አውቄ የምገዛው በሕግ የተፈቀደ ዕቃ ነው፤ ቀረጥም እከፍልበታለሁ። አንድ ባለቤት በራሱ ቤት ለአጫሾች ቦታ ቢያዘጋጅ፣ የማይፈልግ አለመግባት እየቻለ ሕግ ምን አገባው? ደግሞስ ገበያቸው የሚቀዘቅዝባቸውን ሰዎች ማን ያስባቸዋል?

መልስ፦ ጥያቄዎ የሚናቅ አይደለም፤ እርስዎንም እንደ ጥፋተኛ ቆጥረን አንመልስም። በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ሱስ የሚያስይዝ ነገር ነው፤ አብዛኛው አጫሽም የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። እዚህ የሚነሣው ክልከላ ማጨስዎን የሚነካ አይደለም፤ የሚነካው የሚያጨሱበትን ቦታ ነው።

«የማይፈልግ አይግባ» የሚለው አባባል ለእንግዳ ይሠራ ይሆናል። ከላይ የጻፉልን አስተናጋጅ ግን እንጀራቸው እዚያ ስለሆነ ይገባሉ፤ ሥራ እንደልብ በማይገኝበት ሁኔታ «ሌላ ቦታ ይቀጠሩ» ማለት ምርጫ መስጠት አይደለም። ባለቤት በቤቱ ሙሉ ሥልጣን እንደሌለው በሌሎች ጉዳዮች ሁላችንም ተቀብለናል፤ የእሳት አደጋ መውጫ በር ቆልፎ ወይም የተበላሸ የኤሌክትሪክ መስመር ትቶ ሠራተኛ ማሠራት አይፈቀድለትም። ጭሱን ከእነዚህ የምንለይበት ምክንያት አይታየንም።

ስለ ገበያው፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ግምገማ እንዲህ ያሉ ሕጎች የምግብና የመጠጥ ቤቶችን እንቅስቃሴ እንደማይቀንሱ ደምድሟል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2004 በአገር አቀፍ ደረጃ የሥራ ቦታዎችን ሁሉ፣ መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ፣ ከጭስ ነፃ ያደረገችው አየርላንድ በቀዳሚነት ስትነሣ የተነገረው ስጋት ይኸው የእርስዎ ስጋት ነበር። ሕጉ ለሁሉም እኩል ሲሆን እንግዳው ወደ ጎረቤት የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም፤ ገበያ የሚያዛባው አንዱን ከልክሎ ሌላውን የሚያልፍ ሕግ ነው። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ይኸው ዓይነት ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በ9 ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚገቡ ሰዎች ቁጥር በ17 በመቶ ቀንሷል። በሌሎች ቦታዎች ከዚህ ያነሰ ቅናሽ የታየበት ጊዜ አለ፤ ሆኖም በዚያ ጥናት ከቅናሹ አብዛኛው የታየው በማያጨሱ ሰዎች ላይ መሆኑ ሊተኮርበት ይገባል። ለራስዎም ጥቅም አለው፤ ከጭስ ፍጹም ነፃ በሆኑ የሥራ ቦታዎች የሚሠሩ አጫሾች በቀን የሚያጨሱት በአማካይ በ3 ሲጋራ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ከተቃውሞው ወገን የሚከብደን አንድ ነገር አለ። በአእምሮ ሕክምና መስጫ ወይም በማረሚያ ቤት ያለ ሰው ደስ ሲለው ወደ ውጭ ወጥቶ ሊያጨስ አይችልም። ለእንዲህ ያለው ሰው ክልከላው ብቻውን ቅጣት እንዳይሆን፣ ክፍት የሆነ የውጭ ቦታ ወይም ሱሱን የሚያስታግስ የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚደረግ ልጥፍን የመሰለ እርዳታ አብሮ መቅረብ አለበት፤ ይህን ያላሰበ ሕግ አውጪ ሥራውን በግማሽ ትቶታል። እንዲሁም ኃላፊነቱ በዋናነት በድርጅቱ ባለቤት ላይ ሊጣል ይገባል። ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ መተርኮሻ ከተቀመጠ እንግዳው የሚያምነው መተርኮሻውን ነው፤ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ ሊያይ የሚገባውም እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሺሻና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራስ በክልከላው ውስጥ ይግቡ?

መልስ፦ ሁለቱም ይግቡ። የሺሻው ውኃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም፤ ከሰሉም በራሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ትምባሆ የሌለበት ሺሻ እንኳ የተዘጋ ክፍልን አየር ይበክላል። ከኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚወጣው ተን ከሲጋራ ጭስ ያነሰ መርዝ ቢኖረውም በአብዛኛው ኒኮቲንና ደቃቅ ቅንጣቶች አሉበት፤ በተጨማሪም ከሩቅ ሲያዩት ከሲጋራ ለመለየት ስለሚያስቸግር እሱን ለይቶ መፍቀድ አስተናጋጁን በየጠረጴዛው ክርክር ውስጥ ይከተዋል።